ቴአትር ቤት የዘፈን ሣጥን አይደለም

ቀድሞ የታወቁ ዘፈኖችን ሰብስቦ፣ በመካከላቸው ታሪክ ሰክቶ፣ ተውኔት ነው ብሎ ማቅረብ በዘመናችን በታላላቅ ከተሞች የተለመደ ሥራ ሆኗል። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ተውኔት በጁክቦክስ ስም ይጠሩታል። ጁክቦክስ በየቡና ቤቱ ቆሞ ሳንቲም ሲገባበት የተመረጠለትን ዘፈን ያሰማ የነበረ ሣጥን ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ ነቀፋውንም ጨምሮ በአንድ ቃል ተናግሮታልና።

የዚህ ዐይነቱ ሥራ ዋና ምሳሌ «ማማ ሚያ» ነው። ዘፈኖቹ አባ የተባለው የስዊድን የሙዚቃ ጓድ ዘፈኖች ናቸው። ጓዱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. በብራይተን ከተማ በተደረገው የዘፈን ውድድር አሸንፎ ስሙ ከገነነ በኋላ፣ በ1982 በኅብረት መሥራቱን አቁሞ ነበር። ተውኔቱ በሎንዶን የተከፈተው ከዚያ ድል ልክ 25 ዓመት በኋላ፣ አፕሪል 6 ቀን 1999 ነው። ከ2012 ጀምሮም ኖቬሎ በሚባለው ቴአትር ቤት ሲታይ ኖሯል።

የቤቱን ታሪክ ስንመረምር ነገሩ ይብስ ያስገርማል። ይህ ቴአትር ቤት በ1905 ዋልዶርፍ ተብሎ ተከፈተ፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2005 ሲሆን፣ የተሰየመውም ለአይቮር ኖቬሎ መታሰቢያ ነው። ኖቬሎ የዌልስ ተወላጅ፣ ተዋናይና ደራሲ ሲሆን፣ ከ1913 ጀምሮ በ1951 እስከ ሞተ ድረስ መኖሪያው ከዚሁ ቴአትር ቤት በላይ ባለው ፎቅ ነበረ። ለሙዚቃ ተውኔቶቹ ዜማውን ራሱ ይደርስ ነበር፤ ተመልካቹም የሚመጣው ገና ያልሰማውን ሊሰማ ነበር። ዛሬ ስሙ በተጻፈበት ደጃፍ ውስጥ፣ ለመድረኩ ተብሎ የተደረሰ አንድ አዲስ ዘፈን እንኳ የሌለበት ተውኔት ከዐሥር ዓመት በላይ ተቀመጠ። የሰውን ስም በደጅ ሰቅሎ ሙያውን ከቤት ማስወጣት ምን ዐይነት መታሰቢያ ነው?

የሚሰጠንን መልስ እናውቃለን። የመጀመሪያው፣ «ሕዝቡ ወዶታል፤ ሠራተኛውም እንጀራውን ያገኝበታል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ደስታ ነውር አይደለም፣ ባዶ ወንበርም ደመወዝ አይከፍልም። ነገር ግን በጕብዝናው ዘመን የወደደውን ዘፈን ሰምቶ የሚያጨበጭብ ሰው፣ ጭብጨባው ለተውኔቱ ነው ወይስ ለገዛ ጕብዝናው? ትዝታ ያስገኘውን ጭብጨባ ቴአትር እንደ ራሱ ድካም ዋጋ ሊቈጥረው አይገባም።

ሁለተኛው መልስ ጠንከር ያለ ነው፤ «ዜማ መዋስማ ጥንትም ነበረ» ይላል። አዎን፣ ነበረ። ጆን ጌይ በ1728 በሎንዶን ላሳየው «የለማኙ ኦፔራ» 69 ዜማዎች ሲጠቀም፣ አብዛኞቹ ሕዝቡ በየመንገዱ የሚያንጐራጕራቸው ነበሩ፤ ተውኔቱም በመጀመሪያው ወራት 62 ጊዜ ታየ። ዳሩ ግን ጌይ የወሰደው ዜማውን እንጂ ቃሉን አይደለም። በታወቀው ዜማ ላይ አዲስ ግጥም ጻፈ፤ በሌቦች ታሪክም አሳቦ የዘመኑን ዋና ሚኒስትር ሮበርት ዋልፖልን ነካ። የታወቀው ዜማ ሰም ሆኖ ወርቁን ያዘለት ማለት ነው። የዚሁ ተከታይ የሆነው «ፖሊ» በመድረክ እንዳይታይ መከልከሉ፣ ወርቁ ከማን ደጃፍ እንደ ወደቀ በቂ ምስክር ነው።

በ«ማማ ሚያ» ግን ነገሩ ተገለበጠ። የዘፈኖቹ ቃል ከሞላ ጐደል እንደ ነበረ ስለ ተያዘ፣ ታሪኩ ለዘፈኑ መታዘዝ ግድ ሆነበት። ደራሲዋ ካትሪን ጆንሰን፣ በአንዲት የግሪክ ደሴት ላይ ከሦስት ሰዎች አባቷ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ የምትሻ ሙሽራን ታሪክ በብልኀት ማበጀቷን አንክድም። ይሁን እንጂ ብልኀቷ ያለቀው ቀድሞ ለተሰፋ ልብስ ገላ በመፈለግ ነው። በእንዲህ ያለ ተውኔት ውስጥ ያዘነ ሰው ለኀዘኑ የሚስማማውን ቃል አይናገርም፤ ከዝርዝሩ የተረፈውን ዘፈን ያነሣል።

ጕዳቱም ከአንድ ተውኔት ያልፋል። በዓመት ውስጥ ያለው ሌሊት የተቈጠረ፣ የታላላቅ መድረኮችም ቍጥር የተወሰነ ነው። አንዱ ለብዙ ዓመታት በአሮጌ ዘፈን ሲያዝ፣ አዲስ ዜማ ይዞ የሚመጣው ወጣት ወዴት ይሂድ? የአባ ዘፈኖችም በዘመናቸው አዲስ ነበሩ፤ ያን ጊዜ መድረክ የሚሰጣቸው ባይገኝ ኖሮ ዛሬ የሚናፈቅ ነገር ባልኖረ ነበር። ከጐተራው እየበላ ዘር የማያስቀር ገበሬ ለልጁ የሚያወርሰው ባዶ ጐተራ ነው።

እንግዲህ ተውኔቱ ይዘጋ አንልም። የምንለው ይህ ነው፤ ባለ ቴአትር ቤቶቹ ከአሮጌው ዘፈን ከሚያገኙት ትርፍ ለአዲስ ድርሰት ድርሻ ይክፈሉ። የሰው ዜማ የሚዋስ ደራሲም እንደ ጌይ የራሱን ቃል ይጨምርበት። ተመልካቹም ለሚያውቀው ዘፈን ሁለት ጊዜ ሲከፍል፣ ለማያውቀው አንድ ጊዜ ይክፈል። ሣጥኑ የሚያሰማው ቀድሞ የተጨመረበትን ብቻ ነው። ቴአትር ግን ያልተሰማውን ያሰማ ዘንድ የተሠራ ቤት ነውና፣ ይህን ሥራውን ካልሠራ ከሣጥኑ የሚለየው በወንበሩ ብዛት ብቻ ይሆናል።