ቢላዋ የሚሳለው መቼ ነው?

በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ስለ ቢላዋ መጻፌን አይተው የሚስቁ ጓደኞች እንደሚኖሩኝ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ባለፈው ሁዳዴ ታናሽ እኅቴ ለሽሮ የሚሆን ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቈርጧት ሦስት ቦታ ተሰፋች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። ጎረቤቶቻችን «ቢላዋው ስል ቢሆን ነው» አሉ። እኔ ግን የቈረጣት ዶልዱምነቱ ነው እላለሁ።

በፊዚክስ እንደ ተማርነው ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው። የስለቱ ጠርዝ ሲወፍር በዚያው ኃይል የሚገኘው ግፊት ያንሳል፤ ስለዚህ ቈራጩ ክንዱን አበርትቶ ይጫናል፤ ቢላዋውም የሽንኩርቱን ልጣጭ መብሳት ሲያቅተው ተንሸራትቶ ወደ ጣት ይሄዳል። እንባውም ቢሆን ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ነው፤ ዶልዱም ቢላዋ ሽንኩርቱን ስለሚጨፈልቀው ዐይን የሚያቃጥለው ነገር በብዛት ይወጣል።

እንግዲህ መቼ ይሳል? በብዙዎቻችን ቤት መልሱ «ለበዓል» ነው። አባት ዶሮ የሚያርዱት ለዘመን መለወጫ፥ ለገናና ለፋሲካ ስለ ሆነ ቢላዋው የሚሳለው ያን ጊዜ ነው። እናትና እኅት ግን በየቀኑ ሲከትፉበት የሚጠይቃቸው የለም። የእኛም ቢላዋ ለመጨረሻ ጊዜ የተሳለው ለገና ነበር።

ምልክቱ ግን ከቀን መቍጠሪያ ላይ አይገኝም። ቢላዋውን በበሰለ ቲማቲም ላይ ሳይጫኑ ሲስቡት ልጣጩን ካልያዘ፥ ወይም ስለቱን ወደ ብርሃን አዙረው ሲያዩት ነጭ መስመር ካብለጨለጨ ጊዜው ደርሷል፤ የሰላ ጠርዝ ብርሃን አይመልስምና። በቀዝቃዛ አገር በበረዶ ላይ በስለታም ጫማ የሚንሸራተቱ ሰዎችም ስለቱን በጥፍራቸው ፍቀው ይሞክሩታል፤ ጥፍሩን ካልፋቀ ያስሉታል።

በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሱ በፊት የፒያሳውን ዶሮ ማነቂያ ያየ ሰው ሥጋ ቈራጮቹ በየመካከሉ ቢላዋቸውን በክብ ብረት ላይ ወዲያና ወዲህ ሲያሹ ያስታውሳል። ያ በእውነቱ መሳል አይደለም፤ የታጠፈውን ጠርዝ ማቅናት ነው፤ ከቢላዋው የሚነሣውም ብረት እጅግ ጥቂት ነው። ማሸቱ አልረዳ ሲል ነው ድንጋይ የሚያስፈልገው።

ያለ ልክ መሳልም ጥፋት ነው፤ ቢላዋውን ይበላዋል። አንድ ጊዜ የእኛን በሞተር በሚዞር ድንጋይ አስለነው ነበር። ብልጭታው ደስ ብሎኝ ቆሜ አየሁ፤ ጠርዙ ግን ሰማያዊ ሆኖ ተመለሰ፤ ብረቱ በሙቀት ጥንካሬውን አጥቶ ስለ ነበር በሳምንቱ ዶለዶመ። ሽማግሌዎች ድንጋዩን ውሃ የሚያጠጡት በከንቱ አይደለም።

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ስስል ያየኝ አንድ ዘመዳችን «አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረስከው ለዚህ ነው?» ብሎኛል። አዎን፥ በከፊል ለዚህ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረዋል፤ እዚሁ አራዳ ያለው የሠራተኛ ሰፈር ስምም የመጣው ከእንደነዚህ ያሉ ባለሙያዎች ነው። ከዐዋጁ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ዘመዳችን ግን ገና አልሰማም።

በበኩሌ የመሳያውን ጊዜ መወሰን ያለበት የሚቈርጥበት ሰው ነው እላለሁ። ሽንኩርት የሚከትፈው ሰው «ዶለዶመብኝ» ሲል ድንጋዩ በዚያው ቀን ይውጣ፤ ዶሮው እስኪገዛ አይጠበቅ። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ዝም አሉ። ቅዳሜ ዕለት ግን ድንጋዩን ከቍም ሣጥን ሥር አውጥተው ውሃ አጠጡትና ቀስ እያሉ ሳሉበት። ከዚያም እኅቴን ጠርተው «ነይ እስቲ፥ አንቺ ሞክሪው» አሏት። የጣቷ ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ፤ ቲማቲሙን ግን ሳትጫን ቈረጠችው።