ጳጉሜን በግዴታ፣ ሰዓት በፈቃድ

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ኮምፒዩተር ቋንቋ ስንጽፍ «ምን አገባችሁ?» የሚሉን ወንድሞች እንደማይጠፉ እናውቃለን። ነገሩ የውርስ ነገር ስለ ሆነ ያገባናል።

በፕሮግራም ጽሕፈት ወላጅ ክላስ ለወራሾቹ ሥራ የሚያስተላልፍበት ሁለት መንገድ አለ። አብስትራክት ሜተድ ስሙ ብቻ ተጽፎ አካሉ ባዶ የቀረ ነው፤ ወራሹ ሳይሞላው ሥራ ልጀምር ቢል ኮምፓይለሩ አያሳልፈውም። ቨርቹዋሉን ግን ወላጁ ራሱ ሠርቶ ያወርሳል፤ ወራሹ ከፈለገ ይለውጠዋል፤ ዝም ካለ የወላጁ ይጸናል። (ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1967 ከኖርዌዮቹ የሲሙላ ቋንቋ የመጣ ነው፤ «ምናባዊ» ብሎ መተርጐም ያሳስታል፤ ሥራው ምናብ አይደለምና።) ይህን ሁላችንም ለፈተና እንሸመድዳለን። የትኛው መቼ እንደሚገባ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የማይክሮሶፍትን ዶትኔት እንመልከት። ካሌንደር የተባለ ወላጅ ክላስ አለው፤ የሂጅራው፣ የዕብራውያኑና የታይላንዱ አቆጣጠር ከእርሱ ይወርሳሉ። የእኛ ከነዚህ ጋር ተሠርቶ አልመጣም፤ የሚፈልግ ራሱ ይጽፈዋል። የዓመቱን ወሮችና የወሩን ቀኖች የሚቈጥሩት መሠረታዊ ሜተዶች አብስትራክት ስለ ሆኑ ጸሐፊው 13ኛዋን ወር ሳያስባት አያልፍም፤ ጳጉሜን 5 ቀን መሆኗን፣ በዘመነ ሉቃስም 6 መሆኗን መጻፍ ግድ ይሆንበታል።

ሰዓትን የሚመልሰው ሜተድ ግን ቨርቹዋል ነው! ጸሐፊው ቢዘነጋው ኮምፓይለሩ አይከሰውም፤ ፕሮግራሙም ደኅና ይሠራል፤ ሰዓቱ ግን ከእኩለ ሌሊት የተቈጠረ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዘመዷን ለመቀበል የምትጠብቅ የአያት ወይም የገርጂ እናት «7 ሰዓት» የሚል ብታነብ ከቀኑ ሰባት ላይ ቦሌ ትደርሳለች። ዘመዷ ግን ከጧቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሻንጣውን ይዞ ቆሟል። ስድስት ሰዓት ሙሉ!

ቨርቹዋል ድካም ይቀንሳል የሚሉን እውነት አላቸው። በቀን ላይ ቀን መጨመር በየትም አገር አንድ ነው፤ ያንን እያንዳንዱ ወራሽ እንደ ገና ይጻፈው ማለት ከንቱ ነው። ሰዓት ግን እንዲህ አይደለም። የክላሱ ሠሪዎች ቀኑን ከንጋት ጀምሮ የሚቈጥር ወራሽ ይመጣል ብለው ያሰቡ አይመስለንም። እኛ ግን በሁለት አቈጣጠር በሚኖር አገር ተቀምጠን ይህን አላሰብነውም ለማለት አንችልም። ስለዚህ ነገ የራሳችንን ወላጅ ክላስ ስንጽፍ ሰዓትን አብስትራክት እናድርገው፤ ይልቁንም ለጉዞ፣ ለሐኪም ቀጠሮና ለመድኃኒት መዋጫ በሚሆነው ፕሮግራም።