ከቁጥር 46 በፊት ቁጥር 35 አለ

በወጣት ኅብረቶቻችን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። የኃጥአን ቅጣት በእርግጥ ለዘላለም ነው? ወይስ እግዚአብሔር በመጨረሻ ያጠፋቸውና ነገሩ ያበቃል? ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሳይሆን ከስልክ ወደ ስልክ ከሚዘዋወር ስብከት ነው። አንዱ ተነሥቶ «አፍቃሪ አባት ሰውን ለዘላለም አያቃጥልም» ይላል፤ ሌላው «ይህ ኑፋቄ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ከዚያ የመዝጊያ ጸሎት ይደረጋል፤ ሁሉም እንደ መጣ ይመለሳል።

ይህ ጽሑፍ ወገን ይይዛል። ቅጣቱ ዘላለማዊ ነው እንላለን፤ ምክንያታችንንም እናቀርባለን። ነገር ግን ከእኛ ጋር የሚስማማውን አንባቢም በሰላም አናሰናብተውም። ይህን ትምህርት የሚያምን ሰው በእኛ ቆላ፣ በመተማ በር ላይ፣ የሚጠየቀው ጥያቄ አለና።

በመጀመሪያ ለተቃራኒው አሳብ ተገቢውን ክብር እንስጠው። የሚይዙት ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስን የናቁ ሰዎች አይደሉም። እንግሊዛዊው አገልጋይ ጆን ስቶት በ1974 እ.ኤ.አ. የሎዛንን ቃል ኪዳን ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራ ሰው ነው። ያ ሰነድ ክርስቶስን የማይቀበሉ ሰዎች ከእግዚአብሔር ለዘላለም መለየትን በራሳቸው ላይ እንደሚፈርዱ ይናገራል። ይኸው ሰው በ1988 እ.ኤ.አ. ከዴቪድ ኤድዋርድስ ጋር ባወጣው መጽሐፍ የኃጥአን መጨረሻ ፈጽሞ መጥፋት ሊሆን ይችላል የሚለውን አሳብ በጥንቃቄ አቀረበ። በአገራችንም ያለችው የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ይህንኑ በይፋ ታስተምራለች። ስለዚህ «ኑፋቄ» ብሎ መጮህ መልስ አይሆንም።

ክርክራቸው በሦስት ነጥብ ይጠቃለላል። አንደኛ፣ መጽሐፍ ስለ ኃጥአን ሲናገር ደጋግሞ «መጥፋት» ይላል፤ ጌታም በማቴዎስ 10፥28 ነፍስንና ሥጋን በገሃነም ሊያጠፋ ስለሚችለው ተናግሯል። ሁለተኛ፣ በስድሳና በሰባ ዓመት ዕድሜ ለተሠራ ኃጢአት ማብቂያ የሌለው ቅጣት ፍትሕ አይመስልም። ሦስተኛ፣ ገሃነም ለዘላለም ከኖረ፣ እግዚአብሔር በሁሉ ሁሉ ይሆናል የሚለው የ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥28 ተስፋ እንዴት ይፈጸማል?

ከመጀመሪያው እንነሣ። በአማርኛችን «ጠፋ» ብዙ ይሠራል። መብራት ጠፋ ስንል ብርሃኑ የለም ማለታችን ነው። በሬ ጠፋ ስንል ግን በሬው የሆነ ጫካ ውስጥ አለ። ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወርዶ፣ ከደላላ ጋር ተስማምቶ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ ድምፁ የጠፋውን ወጣት እናቱ «ልጄ ጠፋ» ትላለች። ልጄ መኖር አቆመ ማለቷ አይደለም። ከቤቱ፣ ከማዕዱ፣ ከወገኑ ተለይቷል ማለቷ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣትም በሆነ ስፍራ እየተሠቃየ መሆኑን ማሰቧ ነው።

የግሪኩም ቃል እንዲሁ ነው። በማቴዎስ 10፥28 ያለው ግስ «አፖሉሚ» በሉቃስ 15 ስለ ጠፋው በግ፣ ስለ ጠፋው ድሪምና ስለ ጠፋው ልጅ የተነገረው ግስ ነው። በጉ በምድረ በዳ ነበር፤ ድሪሙ በቤቱ ውስጥ ነበር፤ ልጁም በእሪያዎች መካከል ነበር። እንዲያውም አባትየው ልጁ ሞቶ እንደ ነበረ ጭምር ተናግሯል፤ ልጁ ግን በሩቅ አገር ይራብ ነበር። እርግጥ ቃሉ ፈጽሞ መደምሰስን የሚያመለክትበትም ቦታ አለ። ስለዚህ «መጥፋት» የሚለው ቃል ብቻውን ክርክሩን ለእነርሱም ለእኛም አይፈታም። ሌላ ምስክር ያስፈልጋል።

ምስክሩ ማቴዎስ 25፥46 ነው። ጌታ በዚያ ቦታ ሁለት መድረሻዎችን ለይቶ፣ ለሁለቱም አንድ ቃል ተጠቅሟል። ግሪኩ «አዮኒዮስ» ይላል፤ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ለቅጣቱም ለሕይወቱም «ዘላለም» ብሎ ተርጉሞታል። ቅጣቱ የሚያበቃ ከሆነ ሕይወቱ አያበቃም ያለን ማን ነው? አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን አንድ ቃል ለወደድነው ረጅም፣ ለጠላነው አጭር አድርገን ልንሰፍረው አንችልም።

«ዘላለማዊ የሆነው ውጤቱ እንጂ ሥቃዩ አይደለም» የሚል መልስ አላቸው። ነገር ግን የሌለ ሰው አይቀጣም። ማርቆስ 9፥48 ስለማይሞተው ትልና ስለማይጠፋው እሳት ይናገራል፤ ራእይ 14፥11 ቀንና ሌሊት ዕረፍት ስለሌላቸው ሰዎች ይናገራል። ዕረፍት የሚታጣው በሕልውና ነው። ጌታ ስለ ይሁዳ በማቴዎስ 26፥24 የተናገረውም ይታሰብ፤ ያ ሰው ባይወለድ ይሻለው ነበር። መጨረሻው አለመኖር ብቻ ቢሆን ካለመወለድ በምን ይከፋል? በ1530 እ.ኤ.አ. የተጻፈው፣ መካነ ኢየሱስ የተቀበለችው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫም በአሥራ ሰባተኛው አንቀጹ የኃጥአን ሥቃይ ያበቃል የሚለውን ትምህርት ያልተቀበለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ፍትሕ ነው፤ ብዙ ወጣት የሚማረከውም በዚህ ነው። እዚህ ላይ ገሃነምን ከሩቅ ሆነው የሚያስቡ ሰዎች ወደ ቆላው ወረድ ብለው ቢያዩ መልካም ነው። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ እገታ ምን እንዳደረገ የማያውቅ የለም። ሰው ከመኪና ይወርዳል፤ ስልክ ይደወላል፤ ቤተሰብ በሬውን ይሸጣል፤ ዕድሩና ጉባኤው ይዋጣል። ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ሬሳ የተቀበለ ቤተሰብም አለ። አጋቹ ጫካ ይገባል ወይም ድንበር ይሻገራል፤ ችሎት ፊት የማይቆመው ብዙ ነው። ሰውን በበረሃ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጠው ደላላም እንዲሁ ነው።

ለዚያ ቤተሰብ «ልጃችሁን የገደለው ሰው አንድ ቀን ከእናንተ ልጅ ጋር እኩል ዝም ይላል» ማለት ምን ዓይነት ወንጌል ነው? እርግጥ የመጥፋት ትምህርት አስተማሪዎች ብዙዎቹ ከመጥፋት በፊት እንደ ሥራው መጠን ቅጣት እንዳለ ያምናሉ። ይህን አንክድም። መጨረሻው ግን ለሁሉም ያው እንቅልፍ ነው፤ አጋቹም ቢሆን ሞት ሁሉን ይዘጋል ብሎ ነው የሚኖረው። «ቅጣቱ ከወንጀሉ አይመጣጠንም» ለሚለው ደግሞ ሉቃስ 12፥47–48 ይመልሳል፤ የጌታውን ፈቃድ ያወቀ ባሪያና ያላወቀው አንድ ዓይነት መገረፍ አይገረፉም። ዘላለማዊ ማለት ለሁሉም እኩል ማለት አይደለም። ፈራጁም ከሰው ሁሉ ይልቅ መመዘን ያውቃል።

ደግሞም ኃጢአት በመቃብር ደጃፍ ላይ የሚያቆም ይመስላችኋል? በሉቃስ 16 ያለውን ባለጠጋ ተመልከቱ። በእሳት ውስጥ ሆኖ አልዓዛርን ይቅርታ አልጠየቀውም። ስሙን ያውቀዋል፤ ግን አላናገረውም። ውኃ እንዲያመጣለት፣ ወደ ወንድሞቹም እንዲሄድለት «ላክልኝ» ይላል። በምድር ለማኝ ነበረ፤ በሲኦልም ባለጠጋው ዓይን ተላላኪ ነው። ሥቃይ ያንን ልብ አልለወጠውም። ልቡ ካልተለወጠ ፍርዱ ለምን ያበቃል?

ሦስተኛው ክርክር አጭር መልስ አለው። እግዚአብሔር በሁሉ ሁሉ የሚሆነው ዓመፅን ሁሉ ከገዛና ከፈረደበት በኋላ ነው። አዲሲቱን ኢየሩሳሌም የሚያሳየን ራእይ 21 እና 22 ራሱ በውጭ ስላሉት ይናገራል። ዮሐንስ ድሉንና ፍርዱን በአንድ ራእይ ሲያይ አልተጋጩበትም።

እስከዚህ ድረስ ብዙ አንባቢ «አሜን» ብሏል። አሁን ግን ወደ እኛ እንምጣ።

ክርክሩን የምናሸንፍበት ያ ቁጥር 46 ብቻውን አልተጻፈም። ከቁጥር 31 የሚጀምር የፍርድ ወንበር መዝጊያ ነው። ወደ ዘላለም ቅጣት የሚሄዱት በዚያ ምዕራፍ እነማን ናቸው? አጋቾች አልተጠቀሱም። ስለ ገሃነም የተሳሳተ ትምህርት የያዙም አልተጠቀሱም። የተጠቀሱት የተራበውን ያላበሉ፣ እንግዳውን ያልተቀበሉ፣ የታመመውንና የታሰረውን ያልጎበኙ ናቸው። በቁጥር 35 እና 36 የተዘረዘረውን አላደረጉም፤ ያ በቃ። የሚያስፈራውም እነርሱ ራሳቸው መገረማቸው ነው። ጌታን «ጌታ ሆይ» ብለው የሚጠሩ፣ መቼ አየንህ ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ናቸው።

መተማን ይህ ዝርዝር የማያውቃት ይመስላችኋል? በክረምት ለአረም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ለአጨዳ፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ ብዙ ሺህ ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ቆባው ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሠራተኛው እርሻው ላይ ያድራል። ወባ ያገኘዋል። በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራሩ ሥር ያለችው የአሸዋ ዝንብ ካላዛርን ትሰጠዋለች፤ ትኩሳቱ አይለቅም፣ ሰውነቱ ይመነምናል፣ ጣፊያው ያብጣል፤ ካልታከመም ይሞታል። ብዙዎቹ በእናንተ ዕድሜ ያሉ ናቸው። እሑድ ዕለት ከጉባኤያችን አጥር ውጭ ቁጭ ብለው ዝማሬያችንን የሚሰሙ አሉ።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ያሳደዳቸው ሰዎች በገላባት በኩል ድልድዩን ተሻግረው መተማ ገብተዋል። በኩመርና በአውላላ ተጠልለው የነበሩት ስደተኞች ከጦርነት ሸሽተው መጥተው እዚህም ዘረፋና ጥቃት ደርሶባቸዋል። እንግዳ፣ የተራበ፣ የታረዘ፣ የታመመ፤ ከዝርዝሩ የቀረ የለም። አልዓዛር በባለጠጋው በር ላይ ተኝቶ ነበር፤ መተማ ራሷ የአገር በር ናት።

«ድነት በጸጋ ነው እንጂ በሥራ አይደለም» የሚል አለ። እውነት ነው፤ ለዚህም እንቆማለን። ነገር ግን ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የታረዘውን ወንድም በባዶ ቃል ስለሚያሰናብት እምነት ምን እንዳለ እናውቃለን። ሌላው ደግሞ «ታናናሽ ወንድሞቼ የተባሉት ደቀ መዛሙርት ብቻ ናቸው» ይላል። ይሁን እንበል። ከሰሊጥ ሠራተኞቹ መካከል የጌታ ልጆች የሉም? ከሱዳን ከመጡትስ? ካልሆነም ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብሎ ሳይጠይቀው አህያው ላይ አወጣው።

ትምህርቱን የምናበላሽበት ሌላም መንገድ አለ፤ ገሃነምን ለጠላት ማደል። የከተማችን ሙሉ ስም መተማ ዮሐንስ ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚህ ቦታ ቆስለው ሞቱ፤ ከሁለቱም ወገን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ወደቀ። ሁለቱም ሠራዊት ለእምነቱ እንደሚዋጋ ያምን ነበር። ከዚያ በፊትም በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች በአዋጅ እንዲጠመቁ ታዘዋል። በእሳት ዛቻም በሰይፍም ልብ አይለወጥም። ዛሬም በመተማ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችንና ከኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ጋር ገበያውንም ኀዘኑንም እንካፈላለን። ፍርድ እንዳለ እንድንናገር ተልከናል፤ እገሌ ተፈርዶበታል ብለን ስም እንድንጠራ ግን አልተላክንም። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ 3፥18 ስለሚጠፉት ሲናገር እያለቀሰ ነው። የማያለቅስ ሰው ስለዚህ ርዕስ ባይሰብክ ይሻላል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ቅጣቱ ያበቃል ለሚላችሁ ወንድም ከማቴዎስ 25፥46 በትሕትናና በጽናት መልሱለት። ከዚያ ግን መጽሐፉን አትዝጉ፤ አሥራ አንድ ቁጥር ወደ ላይ ተመለሱ። የሚቀጥለው የኅብረታችሁ ስብሰባ ሲደርስ፣ በሠፈራችሁ ባለው ጤና ጣቢያ ጠያቂ የሌለው ሠራተኛ እንዳለ የሚያጣሩ ሁለት ሰዎች ምረጡ። ካላዛር የያዘው ሕክምናው እስኪያልቅ የሚያስታምመው ይፈልጋል። በእሑድ መባ ሰዓት ለስደተኞች ልብስና እህል የሚሰበሰብበትን አንድ ሳምንት ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ወደ ሱዳን ሊሻገር ከደላላ ጋር ስልክ የሚለዋወጥ ጓደኛ ካላችሁ ዛሬውኑ አነጋግሩት። ስለ ክርስቶስም ንገሩት፤ በእኛ ላይ ሊመጣ የነበረውን ፍርድ በመስቀል የተሸከመ እርሱ ነውና።

በዘላለም ቅጣት ማመናችን የሚፈተነው በክርክር አዳራሽ ብቻ አይደለም። ጌታ በዚያ ቀን የሚጠይቀን በበሩ ላይ የነበረውን ሰው ነው። ሰውዬው ደግሞ ዛሬም እዚያው አለ፤ ትኩሳቱም አልለቀቀውም።