የፀደይ ጓሮ ለክረምት ማዕድ

በአገራችን አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅት የተከፈለ መሆኑን አንባቢዎቻችን ሁሉ ያውቁታል። መፀው ከመስከረም 26 ቀን፥ በጋ ከታኅሣሥ 26 ቀን፥ ፀደይ ከመጋቢት 26 ቀን፥ ክረምትም ከሰኔ 26 ቀን ጀምሮ ይቈጠራሉ። ከነዚህ ከአራቱ ወቅቶች ይልቅ የቤት ባለቤትን የሚያስጨንቀው ክረምት ነው፤ ይኸውም በብርዱና በጭቃው ብቻ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ተወቅቶ የገባው እህል በሐምሌና በነሐሴ ከጎተራው ግርጌ ይደርሳል፤ አዲሱ ዘር ገና ቅጠል ነው፤ በገበያም የእህል ዋጋ ይወደዳል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ስለ ጓሮ አትክልት ስንጽፍ አሳባችን አንድ ነው። ጓሮ የሚዘራው ጎተራ ለሚጎድልበት ወር ነውና ሥራው በፀደይ ሊጀመር ይገባዋል እንላለን።

ለምሳሌ የምንወስደው በደቡብ ወሎ ያለውን የሐይቅንና የአምባሰልን ምድር ነው። የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል፤ በ13ኛው ምእት ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዚያ ነው። ከሐይቁ ወዲያ የአምባሰል ተራሮች ይነሣሉ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመበት ውጫሌም በአምባሰል ምድር ነው። ይህ አገር በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናም ይቀበላል። አንደኛው ከየካቲት ጀምሮ እስከ ሚያዝያና እስከ ግንቦት የሚጥለው የበልግ ዝናም ነው፤ ሁለተኛው በሐምሌና በነሐሴ የሚበረታው የክረምት ዝናም ነው። ዳሩ ግን የበልጉ ዝናም እንደ ክረምቱ የታመነ አይደለም፤ አንዳንድ ዓመት ይዘገያል፤ አንዳንድ ዓመትም ጨርሶ ይቀራል።

ዝናሙ በዘገየ ጊዜ ገበሬ ማሳውን በእንስራ ሊያጠጣ አይችልም። ሐይቁም ከታች ተኝቶ በዓይን እየታየ፥ በተዳፋቱ ላይ ላለው እርሻ ሊወጣለት አይችልም። ነገር ግን ከቤት ጀርባ ያለ፥ ወርዱ አንድ ሜትር ቁመቱ ሁለት ሜትር የሆነ የችግኝ መደብ፥ እህልና ጎመን በታጠበበት ውኃ ጧትና ማታ ሊረጥብ ይችላል። የጓሮ ጥቅሙ ከዚህ ላይ ነው። ትልቁ ማሳ ሰማዩን ይጠብቃል፤ ትንሹ መደብ ግን የቤተ ሰቡን ትጋት ይጠብቃል። በልጉ ሦስት ሳምንት ቢዘገይ ማሳው ባዶውን ይቆያል፤ በመደቡ ያለው ችግኝ ግን ሕይወቱ ተጠብቆ ዝናሙ በመጣ ዕለት ለመተከል የተዘጋጀ ይሆናል።

በቀድሞ ዘመን ሰፊ መሬት የነበራቸው ሰዎች ጓሮን የሴትና የሎሌ ሥራ ነው ብለው ይንቁት ነበር። ዛሬም በመሥሪያ ቤት ከሚውሉት መካከል ቃሪያና ጎመን ከገበያ ይገዛል እንጂ ምን ያደክማል የሚሉ አይታጡም። ለነዚህ ሰዎች የምንመልሰው እንዲህ ነው። በሐምሌ እህሉ ያለቀበት ቤት ሁለት ክፉ ምርጫ ይቀርብለታል፤ ወይ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል፥ ወይ በሬውን በርካሽ ይሸጣል። የመጣው ዓመት ድኽነት የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው። ከጓሮው ድንችና ጎመን ሲያወጣ የሚሰነብት ቤት ግን በሬውን ለአዲሱ ዓመት እርሻ ያደርሳል። ደመወዝተኛውም ቢሆን በክረምት ወር ለወጥ የሚያወጣው ገንዘብ ለልጆቹ መጽሐፍና ልብስ ቢተርፍለት አይጠላም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መደቡ ከማድ ቤት የማይርቅ፥ ፀሐይ የሚያገኝ፥ ዶሮና ፍየል እንዳይገባበት የታጠረ ሊሆን ይገባዋል። ወርዱ ከአንድ ሜትር አይብለጥ፤ በግራና በቀኝ ሆነው ሳይረግጡት እጅ ወደ መካከሉ እንዲደርስ ነው። በመደብና በመደብ መካከል የሁለት ስንዝር መተላለፊያ ይተዉለት። እንደ አምባሰል ባለ ተዳፋት አገር መደቡ ተዳፋቱን አቋርጦ እንደ እርከን ይሠራ፤ ወደ ታች ከወረደ ጎርፍ አፈሩን ይዞት ይኼዳል። ውኃ በሚያቍር በጥቁር አፈር ላይ ደግሞ መደቡ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል፤ ዙሪያውንም የውኃ መውረጃ ቦይ ይቈፈርለት። ይህ ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ ሊያልቅ ይገባል፤ በጭቃ ወር የተቈፈረ አፈር ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራልና።

ስለ ፍግ አንድ ነገር እንናገር። በወሎ እንደ ሌላው ደጋ አገር ሁሉ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል። እንጨት ባነሰበት አገር ይህን ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ነገር ግን ኩበት የነደደበት ምድጃ ለመሬቱ የሚመልስለት አመዱን ብቻ ነው፤ ቅጠልን የሚያለመልመው ኃይል በጢስ ይኼዳል። ስለዚህ ከእበቱ ጥቂቱን እንኳ ለይቶ ከደረቀ ቅጠል፥ ከአትክልት ልጣጭና ከቤት ጥራጊ ጋር በጕድጓድ ማጠራቀም ያሻል። ሦስትና አራት ወር ያህል ተገላብጦ ሲበሰብስ መልኩ እንደ ጥቁር አፈር፥ ሽታውም ያልከፋ ይሆናል። ትኵስ እበት ግን የችግኙን ሥር ያቃጥላል፤ የአረሙንም ዘር ይዞ ይመጣል። የምድጃ አመድ በጥቂቱ ቢነሰነስ ይጠቅማል፤ በብዙ ግን አይፈስስም።

የአዘራሩ ተራ እንደሚከተለው ነው።

ድንች በልጉ እንደ ጀመረ፥ ቢዘገይ እስከ መጋቢት መጨረሻ ይተከላል። በሦስትና በአራት ወር ስለሚደርስ ቀድሞ የተተከለው በሰኔና በሐምሌ፥ ልክ እህል በሚያንስበት ጊዜ ይቈፈራል። ከመጋቢት 26 ቀን በኋላና በሚያዝያ በችግኝ መደብ ላይ የጎመን፥ የጥቅል ጎመን፥ የቲማቲምና የቃሪያ ዘር ይዘራል። እስኪበቅል ድረስ በሣር ጕዝጓዝ ይሸፈናል፤ ሲበቅል ጕዝጓዙ ፀሐይ ሲበርድ በማታ ይነሣለታል። ጎመንና ቲማቲም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፥ ቃሪያ ግን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በመደቡ ቆይተው ይዛወራሉ። ካሮት ማዛወርን አይወድም፤ ሥሩ ይጣመማልና በሚያድግበት ስፍራ በመሥመር ይዘራ። ቀይ ሥርና ቆስጣም እንዲሁ ይደረጉ። ዱባ በግንቦት ከአጥሩ ሥር ፍግ በተሞላ ጕድጓድ ሁለት ሁለት ፍሬ ይተከል፤ ሐረጉ በአጥሩ ላይ ሲወጣ መደቡን አያጣብብም። ነጭ ሽንኩርት በሰኔ ይተከላል። በነሐሴ መጨረሻ የቀይ ሽንኩርትና የሁለተኛው ቲማቲም ዘር በችግኝ መደብ ይዘራል፤ ዝናሙ ሲያባራ በመስከረም ይዛወራል።

ካሮትንና ቆስጣን በአንድ ቀን ሁሉንም መዝራት ግን አይገባም። በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቢዘራ በየሦስት ሳምንቱ ይደርሳል፤ አንድ ጊዜ ቢዘራ ግን አንድ ጊዜ ደርሶ ያልተበላው ይበላሻል። ደግሞም የአገሩን ከፍታ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በሐይቅ ዙሪያ ከላይ የቈጠርናቸው ሁሉ ይሆናሉ፤ በአምባሰል ደጋ ግን ቲማቲምና ቃሪያ ብርድ ያቀጭጫቸዋል። ደገኛው ጎመን፥ ድንች፥ ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ ቢያበዛ ድካሙ ከንቱ አይሆንም።

ክረምቱ ሲበረታ የጓሮ ጠላት የውኃ ማነስ መሆኑ ቀርቶ የውኃ መብዛት ይሆናል። በተለይ ድንችና ቲማቲም ወገናቸው አንድ ስለ ሆነ አንድ ዓይነት በሽታ ይይዛቸዋል። ቅጠሉ ይጠቍራል፤ ከበታቹ ነጭ ሻጋታ ይታያል፤ በጥቂት ቀንም መደቡ ሁሉ ይረግፋል። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ የምትባለውን አገር የመታው ይኸው በሽታ ነበር። ድኻው ሕዝብ የሚበላው ድንች ብቻ ስለ ነበረ፥ በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሰው በረኃብና በበሽታ አለቀ። ድንች ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው ምእት ዓመት ሲሆን፥ ያስገባውም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ዐዋቂ ነው ይባላል፤ ዛሬ በየደጋው ተስፋፍቶ ብዙ ቤት ይመግባል። ስለዚህ ድንችን አትትከሉ አንልም፤ ድንችን ብቻ አትትከሉ እንላለን። በበልግ የተተከለው የክረምቱ እርጥበት ሳይጠናበት ስለሚደርስ ከበሽታው በብዙ ይተርፋል። ድንች በነበረበት መደብ ወዲያው ቲማቲም አይተከል። ቲማቲም በእንጨት ተደግፎ ከመሬት ይነሣ፤ ነፋስም እንዲያልፍበት ይራራቅ፤ የታመመው ቅጠል ተለቅሞ ከጓሮው ርቆ ይቀበር።

ከአትክልቱ ሁሉ ለባለቤቲቱ ታማኝ የሆነው የአበሻ ጎመን ነው። የታችኛው ቅጠል እየተቀነጠበ ልቡ ሲተውለት ለብዙ ወር ይሰጣል። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ በክረምቱ እኵሌታ ላይ ስለሚውል በሚያዝያ የተዘራው ጎመን ለጾሙ ማዕድ ይደርሳል፤ በዚያ አገር ከክርስቲያኑ ጋር ተጎራብቶ የሚኖረው የሙስሊሙ ቤትም ጓሮውን እንዲሁ ይጠቀምበታል። ለልጆችም ጤና ጎመን፥ ቆስጣ፥ ካሮትና ዱባ እጅግ ይጠቅማሉ። ማታ ማታ ዓይን የሚያሳጣው ዳፍንት የሚመጣው በነዚህ ውስጥ ያለው ቪታሚን ኤ ከሰውነት ሲጎድል ነው። ጎመኑ ከመከተፉ በፊት ይታጠብ፤ ብዙ ሳይቈይ ይብሰል፤ የተቀቀለበት ውኃ አይደፋ፤ ጥቂት ዘይትም ይግባበት፤ ቪታሚን ኤ ከዘይት ጋር ሲሆን በሰውነት ይዋሐዳልና።

በመጨረሻ ስለ ዘር እናሳስባለን። ቫቪሎቭ የተባለ የሩስያ ሊቅ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የአገራችንን አዝርዕት ከሰበሰበ በኋላ፥ ይህች አገር ከዓለም የአዝርዕት መገኛዎች አንዷ መሆኗን መስክሯል። የአበሻው ጎመንም የትውልድ አገሩ ይህችው ኢትዮጵያ ናት። ባልቴቶች ምጣድ የሚያሰሱበት የጎመን ዘር የዚሁ ተክል ፍሬ ስለ ሆነ በየቤቱ የታወቀ ነው። ስለሆነም ከመደቡ ቅጠላቸው የሰፋና በሽታ ያልነካቸው አራት ወይም አምስት እግሮች ሳይቀነጠቡ ለዘር ይተዉ። ፍሬያቸው ሲደርቅ ተወቅቶ፥ በጥላ ደርቆ፥ አፉ በተዘጋ ቅል ውስጥ ይቀመጥ፤ ዘር የሚያጠፋው እርጥበት ነውና። የካሮትና የጥቅል ጎመን ዘር ግን ብርድ ካልጠናበት በቀር በቤት አያፈራምና በየዓመቱ መግዛት ግድ ይሆናል።

ወሎ ረኃብን ያየ አገር ነው። የ1965ና የ1966 ዓ.ም.፥ እንዲሁም የ1977 ዓ.ም. መከራ ከብዙ ቤት የቤት ታሪክ ሆኖ ይነገራል። ያን ያህል መቅሠፍት አንድ መደብ ጎመን ይመልሰው ነበር ብለን አናታልልም፤ በመጀመሪያው ጊዜ ድርቁ ብቻ ሳይሆን የሕዝቡ ችግር ተሸፍኖ መቆየቱም ብዙ ሕይወት አጥፍቷል። ነገር ግን በያንዳንዱ ዓመት ከሐምሌ እስከ መስከረም ሳይወራለት የሚያልፍ ትንሽ ረኃብ አለ። ልጆች ሳይጠግቡ የሚተኙበት፥ እናት ድርሻዋን ለልጅ ሰጥታ ሆዷን በቡና የምታታልልበት ወር ነው። ይህንን ረኃብ ጓሮ ሊያሳጥረው ይችላል።

ስለዚህ የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ መጋቢት ሲገባ የቤት ጌታና እመቤት ከልጆቻቸው ጋር ወደ ጓሮ ወጥተው ስፍራውን ይለኩ። ሹም የሆነ ሰው በገዛ እጁ መደብ ቢያበጅ ክብሩ አይቀነስም፤ ጎረቤቱም እርሱን አይቶ ይከተላል። መሬት ያነሰው ቤት በአሮጌ ቅርጫትና በተሰበረ እንስራ አፈር ሞልቶ ቃሪያና ቆስጣ ሊያበቅል ይችላል። በጎደለው ወር የሚበላው በመጋቢትና በሚያዝያ የተዘራው ነውና፥ የዘሩን ቅል ከተሰቀለበት አውርዳችሁ ከአሁኑ ተመልከቱት።