ወለል የምትወለውለውን ማን ይደውልላታል?

በ2020 የጸደይ ወራት፣ በኮሮና ምክንያት መንገዱ ሁሉ ጭር ባለበት ሰሞን፣ እዚህ እስራኤል፣ ርሖቮት ከተማ ኪርያት ሞሼ ሰፈር ጎህ ሳይቀድ ከቤት ከሚወጡት መካከል አንዷ የአክስቴ ልጅ ነበረች። የምትሠራው እዚሁ ከተማችን ባለው ካፕላን ሆስፒታል ሳይሆን ሌላ ከተማ ባለ ሆስፒታል ነው። ሥራዋ ጽዳት ሲሆን፣ ቀጣሪዋ ካብላን የምንለው የሰው ኃይል አቅራቢ ነው። ማታ ስትመለስ ልብሷን በር ላይ ቀይራ ትታጠባለች። በሰንበት ዋዜማ የእናቷን ጉልበት መሳም ግን ትታ ነበር። ከደጅ ሆና «እማዬ፣ ደህና ዋልሽ?» ብላ ታልፋለች። ጎንደር ተወልዳ ላደገች እናት ይህ እንዴት እንደሚከብድ አንባቢዬ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ስታጸዳው የዋለችው ክፍል ውስጥ ተኝቶ የነበረው በሽተኛ ኮሮና ተገኘበት። ሐኪሙና ነርሷ በዚያው ዕለት ተደውሎላቸው ቢዱድ፣ ማለትም ለብቻ ተለይቶ መቆያ፣ ገቡ። እሷ የሰማችው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከሥራ ባልደረባዋ ነው። ስሟ የካብላኑ መዝገብ ላይ እንጂ የሆስፒታሉ ላይ አልነበረም።

ያን ጊዜ ሁላችንም የምንሠጋው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ለሚሠሩት ነበር። በኤፕሪል 2020 በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የሕመም ምልክት የሌላቸው ሠራተኞች ደም ሲመረመር የታየው ግን ሌላ ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሚሠሩት ቫይረሱ ይዟቸው እንደነበር የታወቀው 14.8 በመቶ ሲሆኑ፣ ከጽዳት ሠራተኞቹ ግን 34.5 በመቶ ነበሩ። እኔ አልገረመኝም። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገባ ሰው ወዴት እንደሚገባ አውቆ፣ ከራስ እስከ እግሩ ተሸፍኖ፣ ፊቱ ላይ ልክክ የሚል ማስክ አድርጎ ነው። ጽዳት ሠራተኛዋ ግን በሽተኛው ምን እንዳለበት ገና ሳይታወቅ ባልዲዋን ይዛ ትገባለች፤ ከዚያም ወደ ቀጣዩ ክፍል ታልፋለች።

ክትባት ከመጣ በኋላም ጉዳዩ አላለቀም። እዚሁ እስራኤል ያለው ሼባ ሆስፒታል በ2021 ባወጣው ጥናት፣ ክትባታቸውን ጨርሰው ከተመረመሩ 1497 ሠራተኞች 39ኙ ተይዘው ተገኝተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ክትባቱ ሠርቷል። ነገር ግን እነዚያ 39 ሰዎች የታወቁት የተጋለጠውና ምልክት ያየው ሠራተኛ እየተጠራ ስለተመረመረ ነው። ያልተጠራ አይቆጠርም።

ስለዚህ የሆስፒታል አስተዳዳሪዎችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በሽተኛ ክፍል የሚገባ ሁሉ፣ ደመወዙን ማንም ይክፈለው፣ በአንድ መዝገብ ይስፈር። ማስኩ፣ ሥልጠናው፣ ምርመራውና የስልክ ጥሪው ለሐኪሙ በሚደርስበት ሰዓት ለጽዳት ሠራተኛዋም ይድረስ።

እናንተም ሆስፒታል የምታጸዳ እህት ወይም እናት ካለቻችሁ ዛሬ ማታ ጠይቋት፦ «ብትጋለጪ ማን ይደውልልሻል?» መልሷ «እኔ እንጃ» ከሆነ፣ ለሆስፒታሉም ለካብላኑም ደብዳቤ ጻፉላት። ዕብራይስጥ አሳምሮ የሚጽፍ ልጅ ከየቤታችን አይጠፋም።