የቆላውን ዛፍ ማን መዘነው?

በአገራችን ስለ ዛፍ የማይናገር ሰው ዛሬ የለም። በስብሰባ ይነገራል፤ በጋዜጣ ይጻፋል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ችግኝ ይዘን እንሰለፋለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። የተተከለውን መቁጠር መልካም ነው። ነገር ግን ማንም ሳይተክለው በቆላው ምድር ቆሞ የሚኖረውን ዛፍ፣ ከመተማ እስከ ቦረና፣ ከአዋሽ ሸለቆ እስከ ኦጋዴን የተዘረጋውን ግራር፣ በደኖ፣ አበሎና የዕጣን ዛፍ ስንቶቻችን እናነሣለን? ክብደቱ ስንት ነው? በውስጡ የያዘው ካርቦንስ ስንት ነው?

ጥያቄው የዕፀዋት ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። እኛ ግን የመሬት፣ የገንዘብና የፍርድ ጥያቄ ነው እንላለን። የዛፉን ክብደት በመዝገብ የሚጽፈው ሰው መሬቱ ለማን፣ ለምን ይዋል በሚለው ክርክር ውስጥ የመጀመሪያውን ቃል ይዟልና።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። የቆመ ዛፍ ሚዛን ላይ አይወጣም። ክብደቱን በእውነት ለማወቅ መቁረጥ፣ ግንዱን፣ ቅርንጫፉንና ቅጠሉን ለይቶ መመዘን፣ ከእያንዳንዱም ናሙና ወስዶ በምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ማድረቅ ያስፈልጋል። የሚፈለገው ደረቁ ክብደት ነው፤ ውሃው ካርቦን አይደለምና። ይህን በጥቂት ዛፎች ላይ ያደረጉ ሊቃውንት ከዚያ ቀመር ያወጣሉ። ሌላው ሰው ዛፉን ሳይቆርጥ የግንዱን ውፍረት ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍታ ላይ ለክቶ በቀመሩ ያሰላል።

በሐሩር አገሮች ዛሬ በሰፊው ከሚሠራባቸው ቀመሮች አንዱ ጄሮም ሻቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ነው። የተመሠረተው ከ58 ቦታዎች በተቆረጡና በተመዘኑ 4,004 ዛፎች ላይ ነው። ውፍረቱ በሳንቲ ሜትር ተለክቶ በራሱ ይባዛል፤ እንደገና በቁመቱና በእንጨቱ ጥግግት ይባዛል፤ የተገኘው 0.976 አርቢ ተደርጎለት በ0.0673 ሲባዛ ከመሬት በላይ ያለውን ደረቅ ክብደት በኪሎ ግራም ይሰጣል። የዚህ 47 ከመቶ ያህሉ ካርቦን ነው ተብሎ ይወሰዳል። ካርቦኑ በ3.67 ሲባዛ ዛፉ ከአየር የወሰደው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ይሆናል።

እስቲ እንሞክረው። ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 6 ሜትር፣ ጥግግቱ 0.7 የሆነ ዛፍ 95 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ አብዝተን 22 ብለን ብንጽፍ 114 ኪሎ ይሆናል። ውፍረቱን በትክክል ለክተን፣ የእንጨቱን ዓይነት ባለማወቅ ጥግግቱን 0.5 ብንል ደግሞ ወደ 68 ኪሎ ይወርዳል። እንግዲህ በአንድ ዛፍ ላይ የተፈጸመች ትንሽ ስሕተት በሚሊዮን ሄክታር ስትባዛ ምን እንደምትሆን አንባቢ ራሱ ያስላው።

ከዚህ የበለጠው ችግር የቆላው ዛፍ ጠባይ ነው። የጥቅጥቅ ደን ዛፍ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዛል። ግራር ግን እንደ ጥላ ይዘረጋል፤ ከክብደቱም ብዙው በቅርንጫፉ ላይ ነው። አንዳንዱም ከሥሩ አምስትና ስድስት ሆኖ ይወጣል። ታዲያ የቱን ግንድ እንለካለን? የሻቭ ቀመር ከ5 ሳንቲ ሜትር በታች በሆኑ ግንዶች ላይ አልተመሠረተም፤ በቆላው ዱር ግን ቀጭኑ ብዙ ነው። ከሁሉም በላይ ሥሩ አለ። ሳቫና በየጊዜው የሚቃጠል፣ በከብት የሚጋጥ ምድር ስለሆነ ግንዱ ሲጠፋ ሥሩ ይቀራል፤ ከዚያም እንደገና ያቆጠቁጣል። ከላይ የሦስት ዓመት ልጅ የሚመስለው ከታች ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። የላዩን ብቻ አይቶ የታቹን በግምት መጻፍ የባላገርን ሀብት ከደጃፉ አይቶ ጎተራውን ሳይከፍቱ እንደ መገመት ነው።

ሳተላይት ይህን ሁሉ ይፈታዋል የሚሉ አሉ። ሥራው በእርግጥ የሚደነቅ ነው። ኮምፕተን ታከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት ከአትላንቲክ ውቅያኖስ እስከ ቀይ ባሕር፣ 9.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን ደረቅ ምድር ላይ 9.9 ቢሊዮን ዛፎችን አንድ በአንድ ቆጥረው 840 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ይዘዋል አሉ። ለአንድ ዛፍ በአማካይ 85 ኪሎ ያህል መሆኑ ነው። ነገር ግን ከሰማይ የሚታየው የጥላው ስፋት ነው። ጥላውን ወደ ክብደት የሚለውጠው ያው መሬት ላይ ተቆርጦ የተመዘነ ዛፍ ነው። ሳተላይቱ የመጥረቢያውንና የሚዛኑን ሥራ አስፋፋው እንጂ አልሻረውም።

አሁን ወደ ፍርዱ እንምጣ። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 የደንን ትርጉም ለውጣለች። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው የ5 ሜትር ቁመትና የ10 ከመቶ ጥላ ቀርቶ ቢያንስ 2 ሜትር ቁመት፣ 20 ከመቶ ጥላና ግማሽ ሄክታር ስፋት ያለው ደን ነው ተባለ። በዚህም ትላንት ደን ያልነበረ ብዙ የቆላ ዱር በአንድ ጊዜ ደን ሆነ፤ ሳሳ ያለው ደግሞ ከመዝገቡ ወጣ። በመሬቱ ላይ የበቀለም የተቆረጠም ዛፍ የለም፤ የተለወጠው ወረቀቱ ነው። ለውጡን አንነቅፍም፤ ቁጥቋጦ ተብሎ የተናቀውን የቆላ ዱር ወደ መዝገብ ማስገባቱ መልካም ነው። ግን በወረቀት ላይ ያለች አንዲት ቁጥር ምን ያህል ኃይል እንዳላት እዚህ ላይ ይታያል።

ቁጥሩ ገንዘብ መሆኑንም አይተናል። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ምድር ተከልሎ ከጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2009ም በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ። የዓለም ባንክ ከዚያ 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ፤ ሻጮቹም ሰባት የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበሮች ነበሩ። ቶን የሚሸጥ ከሆነ ሚዛኑን ሻጩም ማንበብ ይገባዋል። ጤፉን ነጋዴው ብቻ ሲመዝንለት ዝም የሚል ገበሬ አናውቅም።

ይሁንና ካርቦን በጨመረ ቁጥር ምድር ተሻሻለ ማለት አይደለም፤ ይህን አጥብቀን እንናገራለን። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ በአፋር የተተከለው ፕሮሶፒስ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። ሣር በነበረበት እሾህ አለ፤ የካርቦን መዝገብ ግን ይህን ትርፍ ብሎ ይጽፈዋል። በቦረናም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የግጦሽ መሬት ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ ቁጥቋጦው ሣሩን ዋጠው። በመዝገብ ዛፍ በዛ፤ በደጃፍ ወተት አነሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም 900 ሚሊዮን ሄክታር ተጨማሪ ደን ሊሸከም ይችላል የሚል ጥናት በወጣ ጊዜም ሌሎች ሊቃውንት ሳቫናና የሣር ምድር እንደ ባዶ ቦታ መቆጠሩን በብርቱ ተቃውመዋል። የከብት ግጦሽ ባዶ ቦታ አይደለም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «አገሩ ስንት ችግር እያለበት ግራር መመዘን ምን ይባላል?» ይሉናል። መልሳችን አጭር ነው። እኛ ባንመዝነው ሌላው ይመዝነዋል፤ ስንት ነው ሲለንም እሺ ከማለት በቀር ሌላ መልስ አይኖረንም። በአገራችን ሊቃውንት በዚህ ረገድ የተጀመረ ሥራ አለ፤ ግን ከዛፉ ዓይነት ብዛትና ከምድሩ ስፋት ጋር ሲነጻጸር ገና ጥቂት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ. የተማሪዎች ማኅበራችን ከዕፀዋት፣ ከደንና ከሒሳብ ክፍሎች ተማሪዎች ተውጣጥቶ በየክረምቱ ወደ ቆላ የሚወርድ የመለኪያ ቡድን ያቋቁም። የሚያስፈልገው ሜትር፣ የቁመት መለኪያ፣ ሚዛንና ደብተር ነው።

2ኛ. ለጥናት ሲባል ደኅና ዛፍ አይቆረጥ። ለመንገድና ለእርሻ ምንጣሮ የሚቆረጠው፣ ከአፋር የሚነቀለው ፕሮሶፒስም ሳይመዘን ይቃጠላል። ከመቃጠሉ በፊት ሥሩ ጭምር ይመዘን።

3ኛ. የተለካው ሁሉ የዛፉ ስም በአካባቢው ቋንቋ ተጽፎበት፣ ዛፉ ለከብት፣ ለጥላ፣ ለዕጣን ወይም ለከሰል የሚሰጠው ጥቅም ከባለ አገሩ ተጠይቆ ከክብደቱ አጠገብ ይመዝገብ። ቅጂውም ለወረዳው ሕዝብ ይድረስ።

ሦስተኛውን ከሁሉ እናስቀድማለን። አርብቶ አደሩ የትኛው ግራር በድርቅ ዘመን ፍየል እንደሚያተርፍ፣ የትኛው ከእሳት በኋላ እንደሚያቆጠቁጥ ያውቃል፤ በኪሎ ግራም ግን ጽፎት አያውቅም። እኛ ደግሞ ቀመሩን ተምረናል፤ ዛፉን ግን ከነስሙ የምናውቀው ጥቂቶች ነን። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ደብተር ላይ ካልተገናኙ ቁጥሩ ጎዶሎ ይሆናል፤ በጎዶሎ ቁጥር የሚፈረደውም በባለ አገሩ ላይ ነው። የሚቀጥለው ክረምት ሩቅ አይደለም። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ስሙን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ።