ሁለተኛውን ዓመት ፍሩት

እኩዮቼ፣ በቂሊንጦ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ያላችሁ፣ ጨጓራችሁን በቀዶ ሕክምና ያስቀነሳችሁ ወይም ለማስቀነስ ቀጠሮ የያዛችሁ፣ ይህን ለእናንተ እጽፋለሁ። ዕድሜያችን አንድ ነው፤ እርስ በርስ የምንሸነጋገልበት ጊዜ አልፏል። በመጀመሪያው ዓመት የምታዩት ለውጥ እውነት ነው፤ አልክደውም። ስኳር ይወርዳል፣ ደም ግፊት ይረግባል፣ ጉልበት ከሕመሙ ያርፋል፣ አራተኛ ፎቅ ሳያርፉ ይወጣል። ውጭ አገር ያሉት ልጆች በስልክ አይተው ደስ ይላቸዋል። እኔ የምፈራላችሁ ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ነው። ሐኪሙ የቆረጠው ጨጓራ ነው፤ አምሮታችሁን አልነካውም።

ነገሩን ላስረዳ። በብዛት የሚሠራው ዓይነት ቀዶ ሕክምና ከጨጓራ ከመቶ 75 እስከ 80 የሚሆነውን ቆርጦ ያወጣል። አብሮ የሚወጣው የላይኛው ክፍል ግሬሊን የሚባለው ረሃብ ቀስቃሽ ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ነው። ሆርሞኑን የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 አገኙት። መጠኑ ሲያንስ ረሃብ ለወራት ዝም ይላል። ሰው መብላቱን ረስቶ ይውላል፤ ዳንኩ፣ ተገላገልኩ ይላል። ብዙው ሰው ከሁሉ የሚቀልልበት ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ነው። ከዚያ በኋላ ረሃቡ እየተመለሰ፣ የሚበላው መጠን ጥቂት በጥቂት እየጨመረ ይሄዳል፤ የወረደው ኪሎ ተመልሶ የወጣባቸውም አሉ። ያ የዝምታ ጊዜ የተሰጠው አመል እንዲቀየርበት ነው። ሳይቀይር ያሳለፈው ሰው ሁለተኛው ዓመት ባዶ እጁን ያገኘዋል።

የሆድ ረሃብ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ሽሮም አገኘ እንቁላል፣ ተቀብሎ ይረጋል። አምሮት ድንገት ነው፤ የሚፈልገውንም በስም ይጠራል። ክትፎ ይላል፣ ቦንቦሊኖ ይላል፣ እናት በልጅነት የሠሩትን ጭኮ ይላል። ሰው በልቶ በተነሣ በሰዓቱ ውል ሊለው ይችላል። ሆድ እንደሞላ ዓይን ይራባል። አጥብቃችሁ ብትመረምሩት ከኋላው ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ፤ ከሞት የቀረ ሐዘን፣ የጡረታ ሥራ ፈትነት፣ ልጆች ወጥተው ያለቁበት ቤት፣ ከጎረቤት ጋር የተለዋወጡት ክፉ ቃል። እኔ ራሴ አምሮት የሚበረታብኝ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲልብኝ ነው፤ ማታ ሰው ሲሞላ የት እንደሄደ አላውቅም።

ይህ የአእምሮ ነገር መሆኑን ለሚጠራጠር፣ እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የተባሉ ሳይንቲስት የጀመሩት ጥናት አለ። 36 ጤነኛ ወጣቶች በገዛ ፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀንሶ ኖሩ። ቀን የሚያወሩት ስለ ምግብ፣ ሌሊት የሚያልሙት ምግብ ሆነ፤ አንዳንዱ ጨርሶ የማያበስል ሰው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስብ ጀመር። ማዕዱ ከተመለሰላቸው በኋላም ሆዳቸው ሞልቶ ጥጋብ አልመጣ ያላቸው ነበሩ። ሰውነት ሲጎድልበት ልብ ምግብን ያሳድዳል። ስለዚህ አምሮት የመጣበት ሰው ሆዳም ነኝ ብሎ ራሱን አይስደብ። የተሳደበ ሰው ይደበቃል፤ የተደበቀ ደግሞ ለብቻው ይበላል፣ ለብቻው የተበላውንም ማንም አይቆጥርለትም።

በእኛ ሰፈር አምሮትን መቋቋም ይከብዳል። ብዙዎቻችን ይህን አካባቢ የምናውቀው መረሬ መሬት ሳለ፣ ጤፍና ሽምብራ ሲዘራበት ነው። ቀኑን በእግራችን ስንውል ማታ የምንበላው ለድካማችን ነበር። ዛሬ እርሻው ኮንዶሚኒየም፣ ዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ፓርክ ሆኖ እኛ በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። መብላት የቀኑ ዋና ጉዳይ ሆኗል። ያን ጉዳይ ቀዶ ሕክምናው ሲወስደው በቦታው የተተካ ነገር ከሌለ፣ ቦታውን አምሮት ይይዘዋል።

የሚመለሰውም በትልቅ ሰሃን አይደለም፤ ትንሹ ጨጓራ ትልቅ ሰሃን አይቀበልማ። በሻይ የራሰ ብስኩት፣ ለስላሳ መጠጥ፣ በስኳር የጣፈጠ አጥሚት ሳይከብዱ ሹልክ ብለው ያልፋሉ፤ አያጠግቡም፣ ይደጋገማሉ። ከሁሉ በላይ ቡናውን ልብ በሉት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል የሚዘገነው ቆሎና ፈንድሻ፣ የሚቆረሰው ድፎ ዳቦ ምግብ ተብሎ አይቆጠርም። ቡናው ይቅር አልልም፤ ቡና ጎረቤት ነው፣ ጎረቤት የሌለው ሰው ደግሞ ከአምሮት ጋር ብቻውን ይቀራል። ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ ቡናችሁን ያለ ስኳር ጠጡ፤ የቆሎው ሳህን ግን ከእጃችሁ ይራቅ። በሌላው ዓይነት ቀዶ ሕክምና አንጀት የተቀጠለላችሁ ሰዎች ደግሞ ማርና ስኳር ሲገባ ልብ መምታት፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ተቅማጥ ሊያመጣባችሁ እንደሚችል እወቁ።

አሁን ላልተሠሩት እኩዮቼ ልናገር፤ ጥፋቱ የእኛም ነውና። በዚህ አገር ሰው ሲከሳ የታመመ ይመስለናል። «ምነው፣ ምን ነካህ? አመመህ እንዴ?» እንላለን። በዚያ በኤችአይቪ ክፉ ዘመን የከሳ ሰው ሁሉ ሲታማ ያየን ትውልድ ነን፤ ስለዚህ ይህ ጥያቄ ስለት አለው። የተጠየቀው ሰው ሐሜቱን ለማጥፋት በፊታችን ይበላል። ጉርሻችንም እንዲሁ ነው። «በሞቴ!» ብለን አፉ ላይ ስንይዝለት፣ ቢተው ክብራችንን የነካ ይመስለዋል፤ ቢቀበል ማስመለስና ደረቱ ላይ መታነቅ ይከተላል። ሐዘን ቤት ደግሞ እዝኑ ሲቀርብ ባለ ሐዘኑን በመሐላ እናበላዋለን፤ አምሮት ከሁሉ በሚበረታበት ቀን ማለት ነው። በሞቴ አትበሉ። ሰውየውን የምትወዱት ከሆነ ከጎኑ ተቀመጡ፣ ወሬ አምጡለት፣ አብራችሁት ወደ ቱሉ ዲምቱ በእግር ሂዱ።

ስለ ጾም በጥንቃቄ እናገራለሁ፣ የእምነት ጉዳይ ነውና። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ከእንስሳ ተዋጽኦ ርቆ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፍ ዘግቶ የሚውል የተሠራ ሰው ሁለት አደጋ አለበት። በትንሿ ጨጓራ በቂ ፕሮቲን ለማስገባት ቀኑ ያጥርበታል፤ ሲፈታም አምሮቱ ተጠራቅሞ ይጠብቀዋል። የፋሲካ ሌሊት ተልባ ጠጥተን ወደ ዶሮው የምንገባው ሆድ ድንገተኛ ምግብ እንደሚከብደው አባቶቻችን ስላወቁ ነው፤ ያ ጥንቃቄ የተዘጋጀው ግን ለሙሉ ጨጓራ ነበር። የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ቦታ አላት። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼም፣ በረመዳን ለታመመ ሰው የተሰጠውን ፈቃድ ታውቃላችሁ፤ ሐኪማችሁንና ሼካችሁን ጠይቁ።

ስለ መጠጥ በተለይ ላስጠንቅቃችሁ። ከዚህ ሕክምና በኋላ፣ በተለይ አንጀት ከተቀጠለ፣ አልኮል ወደ ደም የሚገባው በፍጥነት ነው፤ ድሮ የማይነካችሁ አንድ ብርጭቆ ያሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። የመጠጥ ችግር የነበረባቸው ከሕክምናው በፊት ከመቶ 7.6 ሲሆኑ፣ በመጀመሪያው ዓመት ለውጥ አልታየም፤ በሁለተኛው ዓመት ወደ 9.6 ከፍ አለ። ያው ሁለተኛ ዓመት ነው። ምግብ ያጽናናው የነበረ ልብ፣ ምግቡ ሲከለከል ሌላ ማጽናኛ ይፈልጋል። የሄኒከን ፋብሪካ እዚሁ ቂሊንጦ ነው፤ ዋልያ በየደጃችን ነው፤ ጠጅና አረቄም አልጠፋም። ቢራ ፈሳሽ ስለሆነ ትንሿን ጨጓራ አያስቸግርም ብሎ የሚመክራችሁን አትስሙ።

ታዲያ ምን ይደረግ? አምሮት እንደመጣ ውኃ ጠጡና ቆዩ፤ ሳትታዘዙት ብትቆዩ ብዙውን ጊዜ ያልፋል። በምን ሰዓት እንደመጣ፣ ከምን በኋላ እንደመጣ በደብተር ጻፉ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የራሳችሁን መንገድ ታያላችሁ። ማዕድ ላይ አስቀድማችሁ እንቁላል፣ ዓሣ፣ አይብ፣ በጾም ምስርና ሽሮ ብሉ፤ እንጀራው መጨረሻ ይምጣ፣ ጥቂት ይሁን፣ በደንብ ይታኘክ። ከምግብ ጋር ፈሳሽ አትጠጡ፤ ከበላችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። የታዘዘላችሁን ቫይታሚን ዕድሜ ልክ አታቋርጡ። ቤታችሁ ውስጥ የማትበሉትን ነገር ለእንግዳ ብላችሁ አታስቀምጡ። ሐዘን ከሆነ የሚያስበላችሁ፣ ሐዘኑን ለሰው ንገሩ፤ ለንስሐ አባት፣ ለሼክ፣ ለፓስተር፣ ለአእምሮ ሐኪም። ወደ ህንድ ወይም ወደ ቱርክ ሄዳችሁ የተሠራችሁ፣ ወረቀታችሁን ይዛችሁ እዚህ የሚከታተላችሁ ሐኪም ፈልጉ፤ የሠራችሁ ሰው ቂሊንጦ አይመጣም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ይኸኛው ቀጠሮ አይጠብቅም። ለቀናት የሚያስመልሳችሁ ከሆነ፣ እግራችሁ ከደነዘዘ፣ ስትራመዱ ከተንገዳገዳችሁ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታያችሁ ወይም ቤተሰብ ቃላችሁ እንደተዘበራረቀ ካስተዋለ፣ ቫይታሚን ቢ1 አልቆባችሁ ይሆናል፤ ካልታከመ አንጎልን ይጎዳል። በዚያው ቀን ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርባችሁ ሂዱ። በር ላይ፣ ከማንኛውም ነገር አስቀድማችሁ፣ ጨጓራችሁ የተቀነሰ መሆኑን ተናገሩ፤ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቢ1 እንዲሰጣችሁም ጠይቁ። መናገር ካቃታችሁ የሚናገርላችሁ እንዲኖር፣ ይህን ዛሬ ማታ ለትዳር ጓደኛችሁ፣ ለልጃችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ ንገሩ።